ስለ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌና ስለ ፕሮፌሰር ፎግ ምርመራ

በኩሬ ዳር፥ በምንጭ ግርጌ፥ ከዝናም በኋላ ውሃ በቋጠረ እርሻና በረጠበ ድንጋይ ላይ አረንጓዴ ልባስ ሲይዝ ያላየ ሰው የለም። ውሃ ቀጂዋ በእጇ ገፋ አድርጋ ትቀዳለች፤ እረኛው ረግጦት ያልፋል፤ ልብስ አጣቢው ያዳልጠኛል ብሎ ይሸሸዋል። ሁሉም እንደ እድፍ ይቈጥረዋል እንጂ፥ ሕይወት ያለው፥ የሚመገብና የሚመግብ፥ አንዳንድ ጊዜም የሚገድል ፍጥረት መሆኑን የሚያስብ ጥቂት ነው። ይኸ ልባስ አብዛኛውን ጊዜ አልጌ ከሚባሉት ፍጥረታት ወገን ነው፤ በአማርኛ የሳይንስ መጻሕፍትም ዋቅላሚ ተብሎ ይጠራል።

ከእነዚህ ወገኖች አንዱ መልኩ ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ስለ ሆነ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ተባለ፤ ዛሬ ምሁራን ሳያኖባክቴሪያ ይሉታል። ስለዚሁ ወገን በመመርመርና በመጻፍ ረጅም ዕድሜያቸውን ካሳለፉት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው ፕሮፌሰር ጎርደን ኤልዮት ፎግ ናቸው። የምርመራቸው ነገር የመሬትን ልምላሜና የከብትን መጠጥ የሚነካ በመሆኑ፥ በገጠር ለሚያስተምሩና ለሚመክሩ ሰዎች ማወቁ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የፍጥረቱ ጠባይ

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ሕዋስ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። ከሰማያዊ አረንጓዴ አልጌዎች አንዳንዶቹ አንድ ሕዋስ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን ሕዋሳታቸው እንደ መቍጠሪያ ዶቃ እርስ በርስ ተያይዘው በቀጭን ክር መልክ ይኖራሉ። አናቤና የሚባለው ዓይነት ከነዚህ ባለ ክሮች አንዱ ነው። ሕዋሱ እጅግ ጥቃቅን ስለ ሆነ የአንድ ሚሊሜትር ርዝመት ለመሙላት 200 ያህል ሕዋሳት መሰለፍ ያስፈልጋቸዋል። እንግዲህ በኩሬ ላይ በዓይን የሚታየው ልባስ የአንድ ፍጥረት ገላ ሳይሆን፥ ተሰብስቦ የተቀመጠ ቍጥር የሌለው ሕዝብ ነው።

ምግቡን የሚያገኘው እንደ ዛፍና እንደ ሣር ነው። ይኸውም የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ፥ ውሃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን አየር አዋሕዶ ስኳር ያደርጋል፤ ይኸን ሲሠራም ኦክስጅን ያወጣል። ሰውና እንስሳ የሚተነፍሱት ኦክስጅን በምድር አየር ውስጥ መጠራቀም የጀመረው ከ2 ቢሊዮን 400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፥ ያን ያመነጩት የነዚህ ጥቃቅን ፍጥረታት የጥንት ወገኖች ናቸው።

በመብሉ እጽዋትን ቢመስልም በአካሉ አሠራር ይለያል። የእጽዋትና የእንስሳት ሕዋስ ኒውክሊየስ የሚባል በስስ ሽፋን የተከለለ ማዕከል አለው፤ ሰማያዊ አረንጓዴው አልጌ ግን ይኸ የለውም። በዚህ ነገር ከባክቴሪያ ጋር አንድ መሆኑን ስታኒየርና ቫን ኒል የተባሉ ሊቃውንት በ1962 አስረድተው ጻፉ። ሳያኖባክቴሪያ የሚለው ስም የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው።

የመሬት ረኃብና የአየር ሀብት

ገበሬ ስንዴን በስንዴ ላይ፥ ጤፍን በጤፍ ላይ ደጋግሞ ከዘራ መሬቱ እንደሚደክም፥ ባቄላ ወይም አተር ወይም ሽምብራ ቢያፈራርቅበት ግን ኀይሉ እንደሚታደስ ከአባቶቹ ተምሯል። የዚህም ዋነኛ ምክንያት ናይትሮጅን የሚባለው ነገር ነው። ቅጠል አረንጓዴ የሚሆነው፥ ፍሬም የሚሞላው መሬቱ በቂ ናይትሮጅን ሲኖረው ነው፤ ሲያጥረው ቡቃያው ይገረጣል፥ ዛላውም ይቀጭጫል።

የሚያስደንቀው፥ ናይትሮጅን በዓለም ያልታጣ መሆኑ ነው። ከምንተነፍሰው አየር ከ100 እጅ 78 እጅ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ነገር ግን በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁለት ሁለት ሆኖ በጽኑ የተቈራኘ ስለ ሆነ፥ ስንዴም ሆነ ጤፍ ሊወስደው አይችልም። በባሕር መካከል በመርከብ ያለ ሰው ውሃ ከቦት ሳለ በጥም እንደሚቸገር፥ አዝመራም በናይትሮጅን ተከቦ ሳለ ናይትሮጅን ይርበዋል። ቍራኛውን ፈትቶ ለእጽዋት የሚስማማ ምግብ ማድረግ የሚችሉት ከባክቴሪያ ወገን የሆኑ አንዳንድ ጥቃቅን ፍጥረታት ብቻ ናቸው። በባቄላ ሥር ላይ በሚታዩት እንክብሎች ውስጥ ይኸን ሥራ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች መኖራቸውን ሄልሪጌልና ዊልፋርት የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት ከ1886 እስከ 1888 ባለው ጊዜ ውስጥ አስረድተዋል።

ከዚህ በኋላ አንድ ጥያቄ ቀረ። በእስያ አገሮች የሩዝ ማሳዎች ባቄላ ሳይዘራባቸው፥ ፍግም በብዛት ሳይገባባቸው ለብዙ ዘመን ሲያፈሩ ይኖራሉ። ታዲያ የሚመግባቸው ማን ነው? ፍራንክ የሚባሉ ጀርመናዊ ሊቅ በ1889 አልጌ ያለበት አፈር ከአየር ናይትሮጅን እንደሚያገኝ ገመቱ። ድሬቬስ የተባሉት በ1928 ግምቱን በሙከራ ደገፉት። ደ የሚባሉ የቤንጋል ተወላጅ ሊቅም በ1939 የሩዝ ማሳን የሚያለማው በረጋው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ እንደ ሆነ ገልጠው ጻፉ።

ፎግ የጀመሩት ሙከራ

ጎርደን ፎግ በ1919 ላንጋር በሚባል የእንግሊዝ መንደር ተወለዱ፤ አባታቸው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። በለንደን ኵዊን ሜሪ ኮሌጅ ሲማሩ፥ በአልጌ ዕውቀት ስመ ጥር የነበሩት ፕሮፌሰር ፍሪች በዚያ ያስተምሩ ነበር። ከዚያም ወደ ካምብሪጅ ሄደው በ1943 የዶክተርነትን ማዕርግ ተቀበሉ።

በካምብሪጅ ሳሉ የያዙት ነገር አናቤና በእውነት ከአየር ናይትሮጅን ይወስዳል ወይስ አይወስድም የሚለው ነበር። ከሳቸው በፊት የነበሩት ሊቃውንት ተናግረውበት ሳለ እንደ ገና መመርመሩ ስለ ምን ነው ለሚል ምክንያቱ ይኸ ነው፤ አልጌው በሚያዳልጥ ልጋግ የተሸፈነ ስለ ሆነ በዚያ ልጋግ ውስጥ ብዙ ባክቴሪያ ተሸሽጎ ይኖራል። ናይትሮጅኑን የወሰደው አልጌው ይሁን ወይስ እንግዳው ባክቴሪያ፥ ሁለቱ ሳይለዩ ለማወቅ አይቻልም። በአንድ ጎተራ ሁለት ሰዎች እህል እያገቡ የማን እጅ እንደ ሞላው ለመፍረድ እንደሚያስቸግር ማለት ነው።

ፎግ አልጌውን ከባክቴሪያ አጥርተው ብቻውን አኖሩት። ከአየር በቀር ናይትሮጅን በሌለበት ውሃ ውስጥ አሳደጉት፤ ካደገም በኋላ በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ለኩ። ቀድሞ ከነበረው በዝቶ ተገኘ። የተጨመረው ከአየር በቀር ከየትም ሊመጣ የማይችል ስለ ሆነ ነገሩ ተረጋገጠ፤ በ1942ም አሳተሙት። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 23 ዓመት ነበር።

ዘመኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበርና፥ በሐኪሞች ቤተ ሙከራ ባክቴሪያ የሚያሳድጉበት አጋር የሚባለው ነገር ከጃፓን መምጣቱ ቀረ። አጋር የሚሠራው ከባሕር አልጌ ስለ ሆነ፥ በብሪታንያ የባሕር ዳርቻ ያለውን አልጌ ከሚቈጥሩት ሊቃውንት ጋር ፎግም ተሰለፉ። ከ1945 ጀምሮ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አስተማሩ፤ በ1960ም በዌስትፊልድ ኮሌጅ የእጽዋት ጥናት ፕሮፌሰር ሆኑ።

የጎላው ዶቃ እንቈቅልሽ

የአናቤናን ክር በማይክሮስኮፕ የተመለከተ ሰው፥ በትንንሾቹ ሕዋሳት መካከል አልፎ አልፎ ከሌሎቹ ጎላ ያለ፥ ግድግዳው የወፈረ፥ መልኩም የገረጣ ሕዋስ ያያል። ከ10 እስከ 20 ከሚሆኑት ሕዋሳት አንዱ ያህል እንደዚህ ያለ ነው። ስሙ ሄትሮሲስት ይባላል። ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ እያዩት ሥራው ምን እንደ ሆነ አላወቁም ነበር፤ ፕሮፌሰር ፍሪችም በ1951 ባሳተሙት ጽሑፍ ርእስ ላይ የእጽዋት ጥናት እንቈቅልሽ ብለው ጠርተውታል።

ፎግ በ1949 ስለዚህ ሕዋስ አንድ ታላቅ ምልክት አግኝተው ነበር። አሞኒያ የሚባለው የናይትሮጅን ምግብ በውሃው ውስጥ ሲኖር ሄትሮሲስት አይወለድም፤ አሞኒያው ሲያልቅ ግን ከተራዎቹ ሕዋሳት አንዳንዶቹ እየተለወጡ ሄትሮሲስት ይሆናሉ። እንግዲህ ይኸ ሕዋስ የሚነሣው በረኃብ ጊዜ ነው ማለት ነው።

ነገሩን የሚያጠብቅ ሌላ ችግር ነበር። ናይትሮጅንን የሚፈታው ናይትሮጅኔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም ማለት በሕያው ገላ ውስጥ ሥራን የሚያፋጥን መሣሪያ ነው። ይኸ መሣሪያ ግን ኦክስጅን ሲነካው ይበላሻል። አልጌው ደግሞ ቀኑን ሙሉ በብርሃን ኦክስጅን ሲያመነጭ ይውላል። በገዛ ቤቱ የሚወጣው ነገር የገዛ መሣሪያውን የሚያጠፋ ከሆነ፥ ሁለቱን ሥራ እንዴት አስማምቶ ይሠራል?

በ1968 ፎግ ከሦስት ባልንጀሮቻቸው ከፋይ፥ ከስቲዋርትና ከዎልስቢ ጋር መልሱን አቀረቡ። ናይትሮጅን የሚፈታበት ቤት ሄትሮሲስቱ ነው ብለው ምክንያታቸውን ዘረዘሩ። ሄትሮሲስት ከሌሎቹ ሕዋሳት የሚለይበት ነገር ኦክስጅን አለማመንጨቱ ነው፤ የወፈረውም ግድግዳ ከውጭ የሚገባውን ኦክስጅን ይቀንሳል። በኋላ የተደረጉት ብዙ ሙከራዎች ይኸን አሳብ አጸኑት።

በክሩ ውስጥ ያለው ኑሮ እንደሚከተለው ነው። ተራዎቹ ሕዋሳት በፀሐይ ብርሃን ስኳር ሠርተው ለሄትሮሲስቱ ያቀብላሉ። ሄትሮሲስቱም በዚያ ስኳር ኀይል ከአየር ናይትሮጅን ፈትቶ ግራና ቀኝ ላሉት ጎረቤቶቹ ይልካል። አንዱ ያለ ሌላው አይኖርም። ሄትሮሲስት የሆነ ሕዋስ ደግሞ ተመልሶ ተራ ሕዋስ አይሆንም፤ ተከፍሎም ዘር አያወጣም። ዕድሜውን ሌሎቹን ሲመግብ ጨርሶ ይሞታል።

ይሁን እንጂ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ሁሉ በዚህ መንገድ ይኖራል ማለት አይደለም። አንዳንዶቹ ዓይነቶች ሄትሮሲስት ሳይኖራቸው፥ ቀን ስኳር እየሠሩ ሌሊት ናይትሮጅን በመፍታት ሁለቱን ሥራ በጊዜ ይለያሉ። ሌሎቹም ናይትሮጅን መፍታት ጨርሶ አይችሉም።

ለእርሻ ያለው ጥቅም

ውሃ በተኛበት የሩዝ ማሳ እነዚህ አልጌዎች በዓመት በአንድ ሄክታር ከ20 እስከ 30 ኪሎግራም ያህል ናይትሮጅን እንደሚጨምሩ ይገመታል። በቬትናምና በቻይና አዞላ የምትባል በውሃ ላይ የምትንሳፈፍ ትንሽ ተክል በሩዝ ማሳ ከጥንት ጀምሮ ትረባለች። በቅጠልዋ ውስጥ ባለ ጕድጓድ አናቤናን የሚመስል አልጌ ያድራል፤ እርስዋ ታስጠልለዋለች፥ እርሱ ናይትሮጅን ይሰጣታል። ገበሬው ተክሊቱን ከጭቃ ጋር ሲገለብጣት ለማሳው ማዳበሪያ ትሆናለች።

በኢትዮጵያም በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይኸን አልጌ በኩሬ አርብተው እንደ ጐመን ላሉ አትክልቶች ማዳበሪያ በማድረግ ሞክረዋል። ነገር ግን አልጌ ያለ ውሃ የማይበቅል መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በደጋ ላይ ዝናምን ጠብቆ ለሚያርስ ሰው ባቄላና አተር ማፈራረቅ፥ ፍግ ማግባትና መሬትን ማሳረፍ ከጥንት እንደ ነበረ አሁንም የታመነ ጥበብ ነው። የአልጌው ዕውቀት የሚያስተምረው፥ ያ የአባቶች ጥበብ በምን ምክንያት እንደሚሠራ ነው።

ከብትንና ሰውን ስለሚጐዳው የውሃ አበባ

ይኸው የሚመግብ ፍጥረት ሲበዛ ጠላት ይሆናል። ኩሬ ወይም ሐይቅ ከእርሻ በታጠበ ማዳበሪያ፥ በፍግና በከተማ እድፍ ሲሞላ አልጌው ከልክ በላይ ይራባና ውሃው አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። ሊቃውንት ይኸን የውሃ አበባ ይሉታል። ፎግም በ1968 በእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ ዘንድ በተሰጣቸው የክብር ንግግር የመረጡት ይኸንኑ አስቸጋሪ አልጌ ነበር።

አልጌው በሕዋሱ ውስጥ አየር የያዙ ጥቃቅን ክፍሎች ስላሉት እንደ ተነፋ አቍማዳ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ነፋስ ጸጥ ባለ ጊዜ በውሃው ፊት ይሰበሰባል፤ ቀስ ያለ ነፋስም ወደ አንድ ዳርቻ ገፍቶ ያከማቸዋል። ከብት የሚጠጣው፥ ልጆችም የሚታጠቡት በዚያው ዳርቻ ስለ ሆነ አደጋው የበረታ ነው። ከነዚህ አልጌዎች አንዳንዶቹ ጕበትን ወይም ነርቭን የሚጐዳ መርዝ ያወጣሉ። ፍራንሲስ የተባሉ ሰው በ1878 በአውስትራሊያ አሌክሳንድሪና በሚባል ሐይቅ እንዲህ ያለ ውሃ የጠጡ በጎች፥ ፈረሶችና ውሾች መሞታቸውን ጽፈዋል። በኢትዮጵያም በአዋሽ ወንዝ ላይ በተሠራው በቆቃ ግድብ ውሃ ውስጥ ጕበትን የሚጐዳ መርዝ የሚያወጣው ማይክሮሲስቲስ የሚባል አልጌ በብዛት ተገኝቷል።

ሽማግሌዎችና መምህራን ለሕዝብ ሊያስረዱት የሚገባው ዋና ነገር ይኸ ነው፤ ውሃን ማፍላት ብዙ በሽታ አምጪ ነፍሳትን ይገድላል፥ የዚህን አልጌ መርዝ ግን አያጠፋም። ስለዚህ አረንጓዴ አረፋ ወይም ቀለም የመሰለ ልባስ የተከማቸበት ውሃ ለሰውም ለከብትም መጠጥ መሆን የለበትም፤ ልጆችም አይዋኙበት። ሌላ ምንጭ መፈለግ፥ ፍግንና እድፍን ከኩሬው ማራቅ፥ በኩሬው ዳርም ሣርና ቍጥቋጦ ትቶ የሚታጠበውን አፈር ማስቀረት ይገባል።

አረንጓዴ ውሃ ሁሉ ግን መርዝ አይደለም። በቢሾፍቱ አጠገብ ያለው የአረንጓዴ ሐይቅ መልኩን ያገኘው አርትሮስፒራ ከሚባል ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ነው። በዚያ ሐይቅ የተደረገና በ1973 የታተመ ምርመራ አልጌ በፀሐይ ብርሃን የሚሠራው ሥራ ሊደርስ ከሚችለው ልክ ወደ ላይኛው የተጠጋ ሆኖ መገኘቱን ገልጧል። በቻድ ሐይቅ አካባቢም የዚህን ወገን አልጌ አድርቀው ይመገቡታል። የሚጠቅመውን ከሚጐዳው በዓይን ብቻ መለየት ስለማይቻል ግን፥ ሳይመረመር መቅመስ አይገባም።

የኋለኛው ዘመናቸው

ፎግ በ1965 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኑ። በደቡብ ዋልታ አቅራቢያ ባሉት በደቡብ ኦርክኒ ደሴቶች በበረዶ ላይ የሚበቅሉትን አልጌዎች መርምረው በ1967 አሳተሙ። በ1971 ወደ ዌልስ አገር ሄደው በባንጎር የባሕር ሕይወት ጥናት ፕሮፌሰር ሆኑ። ከስቲዋርት፥ ከፋይና ከዎልስቢ ጋር ስለ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የጻፉት ታላቅ መጽሐፍ በ1973 ወጣ። በ1985 ከማስተማር ዐረፉ፤ መጻፍን ግን አልተዉም፥ በ1992ም ስለ ደቡብ ዋልታ ሳይንስ ታሪክ የጻፉትን መጽሐፍ አሳተሙ። በ2005 በ85 ዓመታቸው ሞቱ።

ለመምህራን የሚሆን ሙከራ

ተማሪዎች ነገሩን በዓይናቸው እንዲያዩት፥ መምህሩ ሦስት የነጡ ጠርሙሶች ከአንድ ኩሬ በተቀዳ ውሃ ይሙላ። የውሃ አበባ ካለበት ኩሬ ግን አይቅዳ። አንደኛውን ብርሃን በሚገባበት መስኮት ያኑረው። ሁለተኛውን በጥቍር ጨርቅ ሸፍኖ ከዚያው ያኑረው። በሦስተኛው ጥቂት የደረቀ ፍግ ጨምሮ ከመጀመሪያው ጐን ያቁመው። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ተማሪዎች በየቀኑ እያዩ መልኩን በደብተራቸው ይጻፉ። በብርሃን ያለው ቀስ በቀስ አረንጓዴ ሲሆን፥ የተሸፈነው እንዳለ ይቀራል፤ ፍግ የተጨመረበት ከሁሉ ይልቅ ሊወፍር ይችላል። በዚህም አልጌ ብርሃን እንደሚሻ፥ እድፍም እንደሚያበዛው ይማራሉ። ውሃውን ማንም እንዳይቀምሰው፥ ሲጨርሱም እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ ይጠንቀቅ።

ፍራንክ ግምታቸውን ከገለጡበት ከ1889 ፎግና ባልንጀሮቻቸው ስለ ሄትሮሲስት መልሳቸውን እስካቀረቡበት እስከ 1968 ድረስ 79 ዓመት አልፏል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንዱ ሊቅ የጀመረውን ሌላው እየተቀበለ፥ ያልተረጋገጠውንም እንደ ገና እየፈተነ፥ በእግር የሚረገጠው ልባስ የእርሻ መጋቢ መሆኑ ታወቀ። ተማሪ ከኩሬ ዳር ያየውን ይዞ መጥቶ ይኸ ምንድር ነው ብሎ ቢጠይቅ፥ መምህሩ እድፍ ነው ብሎ አያሰናብተው፤ ጠርሙስ አምጣና እንየው ይበለው።